ከኡራን ማጀት የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፤ ደብረ ማርቆስ።

እኔ ቸርነቱ የማያልቅበት አምላክ ይክበር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽና የሽንኩርት ቢላዋ በግራ አውራ ጣቴ ላይ ከተወው ምልክት በቀር ደኅና ነኝ። የሰፈራችን ሰው «ባሕር ማዶ ተሻገረ» እያለ ስሜን ከፍ ከፍ እንደሚያደርገው ከደብዳቤሽ ተረድቻለሁ፤ ስሜ ከፍ ማለቱን ባልጠላውም፣ በእኔና በአንቺ መካከል የተዘረጋ ባሕር ግን የለም፤ ያለው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል የተሰመረው ወሰን ነው፤ እርሱንም የቦረና ላሞች ስለ ውሉ ገና ስላልተነገራቸው ሣር በበቀለበት በኩል ይሻገሩታል፣ እኔ ግን ኢትዮጵያና ኬንያ በ2013 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ በመረቁት የጋራ ኬላ ወረቀቴን አስመትቼ አለፍሁ።

ያለሁባት ኡራን ከሞያሌ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በሶሎሎ አካባቢ የምትገኝ ቆላማ ቀበሌ ስትሆን፣ ሕዝቧ ከብት አርቢው ቦረና ነው፤ ቋንቋውና ሰላምታው ከወሰኑ ወዲያ ካለው ከኢትዮጵያው ወገኑ ጋር አንድ ነው። ሥራዬ የዝናም ውሃ ማጠራቀሚያ መገንባት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ስለ ድንጋዩና ስለ ሲሚንቶው የምጽፈው የለኝም፤ እነርሱ የታዘዙትን ያደርጋሉና።

ባለፈው ደብዳቤሽ ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል፤ አንደኛው «ማን ያበስልልሃል?» የሚል፣ ሁለተኛው «መቼ ታገባለህ?» የሚል ነው፤ ጠባይሽን እንደማውቀው ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ነገር ግን በቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ። እንግዲህ ተቀመጪ፤ የማበስለው እኔው ነኝ።

ይህን ሲያነቡልሽ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ «ወንድሜ ማጀት ገባ!» ማለትሽ አይቀርምና፣ ከመጮኽሽ በፊት መጻሕፍትን እንመርምር። አባታችን ያዕቆብ የምስር ወጥ ሠርቶ በአንድ ድስት የኤሳውን ብኩርና ገዝቷል፤ ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ፍሙ ላይ ዓሣ አዘጋጅቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ላደሩት ደቀ መዛሙርት ቁርስ አቅርቧል፤ ስለዚህ ወንድ ልጅ ድስት ቢጥድ ከአበው ሥርዓት ወጣ አያሰኘውም፤ ብኩርና የሚያስሸጥ ምስር ገና አልወጣልኝም እንጂ። በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ የበሰለውን ከደጅ ስቀበል፣ ኋላም ያንቺን ማዕድ ስከብብ፣ ከዚያም ሞያሌ ከሚገኙት ከወገኖቻችን ምግብ ቤቶች ስመላለስ ኖሬ፣ እንጀራ ከምጣድ እንደሚወጣ በወሬ እንጂ በዓይን ሳላረጋግጥ እዚህ ደረስሁ፤ ኡራን ላይ ግን የሚለመን ደጅ፣ የሚከበብ ማዕድ፣ ሽሮ የሚያወጣ ምግብ ቤት ስላልነበረ፣ ከሰል ማንደጃና ድስት ገዝቼ ትምህርቱን ጀመርሁ።

የማጀት ትምህርት፣ እትዬ፣ ሥርዓቱ የአብነት ትምህርት ቤት ሆኖ አገኘሁት፤ ፊደሉ ሻይ ነው፣ ዳዊቱ ሽሮ ነው፣ ቅኔው ደግሞ እንጀራ ነው፤ ፊደል ሳይለይ ዳዊት የሚደግም፣ ዳዊት ሳይደግም ቅኔ የሚቀኝ እንደሌለ ሁሉ፣ በዚህም ደረጃ መዝለል አይቻልም።

ፊደሉ በዚህ አገር ከወተት ይጀምራል፤ ውሃው፣ ወተቱ፣ ቅጠሉና ስኳሩ በአንድ ድስት ገብተው አብረው ይፈላሉ። እኔም ዓይኔን ከድስቱ ላይ ሳልነቅል ቆሜ ስጠብቀው ወተቱ የባሕታዊ ትዕግሥት አሳየኝ፤ አንድ ሰው ከደጅ «ሰላም ነው?» ብሎኝ አፀፋውን ለመመለስ ፊቴን ባዞርሁበት ቅጽበት ግን ተነሥቶ ከሰሉን በሙሉ አጠፋውና፣ ሰላምታ የሚበዛበት ሕዝብ መካከል ወተት ማፍላት ልዩ ጸጋ የሚጠይቅ መሆኑን አስተዋልሁ።

ወደ ዳዊቱ ስሻገር መመሪያ አድርጌ የያዝሁት አንቺ በስልክ የነገርሽኝን ነበር፤ «ቁሌቱን በደንብ አቁላላ፣ ውሃ ጣል አድርግበት፣ ሽሮውን ነስነስ አድርግ፣ ጨው አንድ እፍኝ ለብዙ ሰው፣ ከዚያ እስኪበቃው ተወው» ያልሽኝን በልቤ ይዤ ሥራ ገባሁ። የመጀመሪያው ችግር እፍኙ ነው፤ ያንቺ እፍኝ የወይዘሮ እፍኝ ሲሆን የእኔ ደግሞ ድንጋይ ሲያነሣ የኖረ የግንበኛ እፍኝ ነውና፣ ጨዉ በገባ ጊዜ የሰፈራችን ሰው በመካከላችን አለ የሚለው ባሕር በእውነት ተገኘ፤ የተገኘውም በድስቴ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ የነቢዩ የኤልሳዕ ታሪክ ታወሰኝ፤ በጌልጌላ የነቢያት ልጆች «በምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ» ብለው በጮኹ ጊዜ ዱቄት አስመጥቶ ጨምሮ ወጡን አድኗል፤ እኔም የነቢዩን ፈለግ ተከትዬ ዱቄት ጨመርሁ፣ ዱቄቱ ሲጓጉል ውሃ ጨመርሁ፣ ውሃው ሲያቀጥነው ደግሞ ዱቄት ጨመርሁ፤ ጨዉ ባይጠፋም ወጡ ስለ በዛ፣ አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ ደርሶ፣ ያን ቀን ከሥራው ቦታ የውሃ በርሜል አንድ ጠብታ ሳይተርፍ አለቀ።

ሁለተኛው ችግር ግን ከእፍኝ የጠለቀ ነው፤ እርሱም «እስኪበቃው» ያልሽው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ደጋ ስለሆነች፣ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚህ ቆላ ውስጥ ግን ውሃው የበለጠ ካልጋለ አይፈላም፣ ከፈላ በኋላም ሙቀቱ ከደጋው ፍል ውሃ ይበልጣልና፣ ባቄላው ቶሎ ይበስላል፣ ሽሮውም ያለ ማስጠንቀቂያ ተፈናጥሮ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ የሰጠሽኝ ሥርዓት ለጎጃም ሰማይ የተሠራ ሆኖ ሳለ እኔ በቦረና ሰማይ ሥር አነበብሁት፤ ሊቃውንት ሐተታውን ሳያዩ ንባቡን ብቻ የሚይዝ ሰው ይስታል የሚሉት ይህን ይመስለኛል።

ነገሩ ፈጽሞ የተገለጠልኝ ቅኔው ላይ ነው። ጤፍ ከደጋ የሚመጣ እህል ስለሆነ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ከሞያሌ በጠርሙስ ያመጣሁትን እርሾ ከበቆሎና ከስንዴ ዱቄት ጋር አቡክቼ፣ አገር ቤት ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ ስላየሁ፣ በባልዲ ከድኜ በሰላም ተኛሁ። እርሾው ግን የኡራን ሙቀት ተስማምቶት ኖሮ ጧት ስነሣ ሊጡ ክዳኑን አንሥቶ፣ ከባልዲው ወርዶ፣ ወደ ጫማዬ ሲጓዝ አገኘሁት። የተረፈውንም አብሲት ጥዬ በብረት ምጣድ ባሰፋሁት ጊዜ አንድ ዓይን እንኳ ሳያወጣ ደርቆ ተነሣ። ጎረቤቴ የሆኑት ባልቴት፣ በአገሩ ልማድ አኮ ብዬ የምጠራቸው፣ ቆርሰው ቀምሰው ምንም ሳይናገሩ ለፍየላቸው ሰጧት፤ ፍየሊቱም ትናንት የሲሚንቶ ከረጢት ስትበላ የዋለች ስትሆን፣ ካሸተተችው በኋላ ተመልሳ ወደ ከረጢቷ ሄደች።

አኮ ከዚህ በኋላ የነገሩኝ አጭር ነው፤ «ልጄ፣ ያገርህን ምግብ ያገርህ ምድር ታብስለው፤ እዚህ ያለውን አብስል» አሉኝ። እኔም አራቱን ጉባኤያት የሚያካሂድ መምህር ፊት የተቀመጥሁ ያህል ዝም ብዬ ሰማኋቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የምበላው ኡጋሊ ነው፤ በፈላ ውሃ ላይ የበቆሎ ዱቄት እየጨመሩ በእንጨት ማማሰያ ክንድ እስኪዝል ማገላበጥ ሲሆን፣ ይህንንም የግንበኛ ክንድ ያለ ችግር ይችለዋል። አንቺ ብታዪው ገንፎ ትዪዋለሽ፤ ገንፎ ደግሞ በእኛ ዘንድ በተለይ የአራስ ምግብ ስለሆነ፣ ወንድምሽ በየማታው የአራስ ወግ እንደሚቀበል ለሰፈሩ ሰው እንዳታወሪ። ከኢሲዮሎና ከሜሩ በጭነት መኪና የሚመጣው፣ እዚህ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመንም አለ፤ በቆሎና ባቄላ አብረው የሚቀቀሉበት ጊዘሪ የሚባለው ደግሞ ከንፍሯችን የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።

ይህ ንፍሮ ባይኖር ኖሮ በዐቢይ ጾም ምን ይውጠኝ ነበር! የ55ቱ ቀን ጾም መጨረሻ ከዚህ አገር የበልግ ዝናም ጋር ሲገጥም፣ ዝናሙ ሣሩን፣ ሣሩ ወተቱን ያበዛዋልና፣ ክርስቲያን በሚጾምበት ሰዓት የቦረና ምድር ሁሉ ወተት ሆና ትቆያለች። ወተት የሌለበትን ሻይ፣ እነርሱ ቱሩንጊ የሚሉትን፣ ስጠይቅ አኮ ስለ ጾም ሳይሆን ስለ ድህነት ተረዱት፤ ቦረና ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሣው ተሰብስቦ ላም እየሰጠ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት ስላለው፣ ለእኔም ላም እንዲዋጣልኝ ለሽማግሎች ሊነግሩ ተነሥተው ነበር። ከብት ኖሮኝ እንደማያውቅና የተከለከልሁት በቀኖና መሆኑን አስረድቼ ባስቆማቸውም፣ እስከ ዛሬ ድረስ ያን ላም ማሰቤን ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም አልነገርሁም።

ጾሙ ሲፈታ አኮ በመልካም አቀባበል አስገደፉኝ፤ ከተክል ሥር የተሠፋውን የወተት ዕቃ፣ አንቺ ቅሉን በወይራ እንደምታጥኚው፣ በተቀጣጠለ እንጨት አጥነው እርጎ ቀዱልኝ፤ ቀጥሎም ቡናውን ከነገለባው በቅቤ ጠብሰው፣ መርቀው፣ ቡና ቃላ የሚባለውን አቀረቡ። ቡና ሲጠጣ እንጂ ሲታኘክ ላላየ የጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ ነው፤ ቡናንና ምርቃትን አንድ ላይ ማድረግ ግን የጋራ ሃይማኖታችን ሆኖ አገኘሁት። አሁን ቅቤው ሲሞቅ መቼ ቡናው እንደሚፈነዳ በድምፁ ለይቼ ማውጣት ስለ ቻልሁ፣ አኮ ራሳቸው «ይህ ልጅ ሰው ሊሆን ነው» ብለውኛል።

እንግዲህ ለሁለተኛው ጥያቄሽ መልሴን ልስጥ። «ሚስት ብታገባ ሞቅ ያለ ትበላለህ» ብለሽ ስትመክሪኝ የኖርሽው ምክር በረኀብ ላይ የቆመ ነበር፤ አሁን ረኀቡ ስለ ወጣልኝ ምክሩም ምክንያቱን አጥቷል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ የምታጭልኝ ልጅ ድስቷ ሳይሆን ጨዋታዋ ይጠየቅልኝ፤ የምታበስልልኝን ሳይሆን እኔ ያበሰልሁትን በትዕግሥት የምትበላ ትሁን፤ ጨው የበዛበት ቀን ውሃ ጠጥታ የምትስቅ ከሆነች ዘመዶቿን ሳልጠይቅ አገባታለሁ።

ለጊዜው ጤፍ አትላኪልኝ፤ በርበሬ ብቻ ላኪ፤ እርሱ ቆላ ደጋ አይልም። መጠኑንም በእፍኝ ሳይሆን በማንኪያ አድርገሽ አስጽፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ፤
ኡራን፣ ወርኃ ግንቦት።