ሁሉም ደጃዝማች የሆነበት ጦር

የካቲት 23 ቀን፣ በዓድዋ በዓል፣ መካነ ሰላም ላይ ደጃዝማች ሞልቶ ይተርፋል። ፊታውራሪው ፎቶ ቤት ደጃፍ ወረፋ ይዟል። ቀኛዝማቹ ጦሩ ባጃጅ ውስጥ አልገባ ብሎት ከሾፌሩ ጋር ይጨቃጨቃል። ሁለት ራሶች አንድ ለስላሳ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። እቴጌ ጣይቱም ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ዘውድ ደፍተዋል፣ መንገድ ላይ ሲገናኙም አንዷ ሌላዋን እንዳላየች ታልፋለች። ከዚህ ሁሉ መኳንንት መካከል አንድ ተራ ጭፍራ ልፈልግ ብትሉ ግን ትደክማላችሁ። ሠራዊቱ ከላይ እስከ ታች ሹም ነው። ጣሊያን በ1888 ይህን አይቶ ቢሆን ኖሮ ጦርነቱን ትቶ የዚህን ሁሉ ሰው ደመወዝ ማን እንደሚከፍል ይጠይቅ ነበር።

ልነቅፍ የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። ጀግንነት እንዲህ ረክሶ ሲገኝ መግዛት ብልህነት ነው። ድሮ ጎፈር ማድረግ ጣጣ ነበረው፤ መጀመሪያ አንበሳ መግደል ያስፈልጋል፣ አንበሳው ደግሞ በጉዳዩ ላይ የራሱ ሐሳብ አለው። ዛሬ መታወቂያ በመያዣ ትቶ፣ ኪራይ ከፍሎ፣ ማታ ሳይመሽ መመለስ ብቻ ነው። ጎፈሩ የበግ ቆዳ ነው። የተቀባው ቡናማ ቀለም ላብ ሲነካው በግንባር ላይ መውረድ ይጀምራል፤ ከሩቅ ላየው የቆሰለ አርበኛ ስለሚያስመስል ማንም ቅሬታ አቅርቦበት አያውቅም። ጋሻው ቆርቆሮ፣ ጦሩ የመጋረጃ ብረት፣ በዝናሩ የተደረደረው ጥይት ተጠርቦ ወርቅማ ቀለም የተቀባ እንጨት ነው። ከታች ተፈሪ ሱሪ ይለበሳል። ሱሪው በስሙ የሚጠራበት ልጅ ተፈሪ የዓድዋ ዕለት አራት ዓመት እንኳን ያልሞላው ሕፃን ነበርና፣ ሱሪው ከባለቤቱ ቀድሞ ዘምቷል ማለት ነው። ከሱሪው በታች ስኒከር አለ። የዓድዋ ዘማች አብዛኛው በባዶ እግሩ እንደሄደ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ያንን አድርጎ የሚያሳየን አልተገኘም፤ ጠጠሩ ይወጋላ!

ፉከራውም ቀሏል። ድሮ «ዘራፍ» ያለ ሰው የጣለውን መቁጠር ነበረበት፤ አብሮት የዋለ ሰው ከጎኑ ቆሞ ስለሚሰማ ማጋነን ያሳፍር ነበር። አሁን ሽለላው ከፍላሽ ይለቀቃል፣ ፎካሪው አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ የሚቆጠረው ግዳይም የአያት ቅድመ አያት ስለሆነ ምስክር አይጠራበትም። የተኩስ ድምፅ አብሮ እንዲሰማ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይከራያሉ። በዚህ ዘመን፣ በዚህ አካባቢ፣ የተኩስ ድምፅ ለመስማት ገንዘብ አውጥቶ የሚከፍል ሰው መገኘቱን ለሌላ አገር ሰው ብነግረው አያምነኝም።

አንድ የዓድዋ በዓል ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አርበኞቻችን መንገዱን ይዘው ለፎቶ ተሰልፈዋል። በዚያው ቅጽበት አንድ ገበሬ አህያቸውን እየነዱ ከገጠር መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ኮንጎ ጫማቸው ጭቃ ይዞ። አህያዋ ላይ አንድ ጆንያ እህል። ፎቶ አንሺው እጁን አወናጨፈ።

«አባባ፣ እስቲ ትንሽ ገለል ይበሉልን፤ ፎቶው ውስጥ ገቡብን።»

ገበሬው ጋሻውንም ጦሩንም አዩና ቆም አሉ። «ምነው ልጆቼ፣ ደግሞ ምን መጣ?»

«ኧረ ምንም የለም አባባ! የዓድዋን ጦር እያሳየን ነው።»

«እንዲያ በሉኛ! አብሽሩ። እኔማ ክተት የተባለ መስሎኝ ክው ብዬ ነበር።» አህያቸውን ጎትተው ወደ ቦዩ ዳር ወረዱ። ደጃዝማቹም ጎፈሩን አስተካክሎ ተነሳ።

በዚያ መንገድ ላይ በ1888 ለዓድዋ ዘመቻ ወረኢሉ ላይ የከተተውን ሰው በጋቢውም፣ በስንቁም የሚመስለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም ቦይ ውስጥ አስገባነው።

ይህ ለብሶ የመጀገን አባዜ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓ የምትባል ከተማ አለች። ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማዋ ደህና ደህና ሰዎች የባሕር ወንበዴ ልብስ ለብሰው፣ ኋላ ኋላም መርከብ ተሳፍረው መጥተው ከተማቸውን «ይወርራሉ»፤ ከንቲባው ቁልፍ ያስረክባቸዋል። የሚዘከረው ወንበዴ ሆዜ ጋስፓር ይባላል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙለትም፤ ይህ ግን በዓሉን አንድ ቀን አላስቀረውም። መስከረም 9 ደግሞ በዓለም ዙሪያ እንደ ባሕር ወንበዴ የሚወራበት ቀን ነው። እዚያም እንደ እኛው ነው፤ ሁሉም ካፒቴን፣ ሁሉም ባለ ጎራዴ። መርከቡ ሆድ ውስጥ የገባውን የሸተተ ውሃ ሲቀዳ የሚውለው፣ አትክልት አጥቶ ድዱ የሚደማው፣ ጥርሱ የሚረግፈው መርከበኛ ለመሆን የሚመዘገብ የለም።

እኛ ባሕር የለንም፤ ወንበዴ ግን ከባሕር መጥቶልን ያውቃል። በ1860 ዙላ ወደብ ላይ ወርዶ፣ ተራራውን ወጥቶ መቅደላ የደረሰው የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ጥቁር ባንዲራም አልያዘም፣ አንድ ዓይኑንም አልሸፈነም። ሚያዝያ 6 ቀን አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ ከአምባው የተዘረፈውን ታቦት፣ ብራና፣ ዘውድና መስቀል 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ ተሸክሞት ወረደ። ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ተካሄደ። ከተጫራቾቹ አንዱ ብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የላከው ባለሙያ ነበር። ወንበዴነት በደረሰኝ ሲሆን እንዲህ ያምራል። የሚገርመው፣ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ የሆነው ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሲቀርብ አላየሁም፤ ኮሌታውን አሳምሮ ታቦት የሚጫረት ሰው ለመሆን ፈቃደኛ የለማ።

ቴዎድሮስ ለመሆን ግን ወረፋ አለ። ሹሩባው ከተሠራ፣ ዓይን ከፈጠጠ፣ ሽጉጥ ከተያዘ ሌላው ያልቃል። የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከንጉሡ አስከሬን ተቆርጦ የተወሰደውን ፀጉር በ2011 መልሷል፤ የእኛ ጎረምሶች እስከዚያ መጠበቅ አልሆነላቸውም፣ ሰው ሠራሹን ከገበያ ገዝተው ሠርተውታል። ንጉሡ ዓመታት ሙሉ ወሎን በዘመቻ እንዳመሱ አያቶቻችን አልረሱትም ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ግን ወሎ ላይ ቆመው በእሳቸው ስም ይፎክራሉ፤ ይቅር ባይነት እንዲህ ነው፣ በተለይ የተደረገውን ሳያውቁ ይቅር ሲሉ።

የቴዎድሮስን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ እንዴት ረሳሁት? እሱም በካርቶን ይሠራል፤ አንድ ልጅ በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ይገባል። እውነተኛው 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። ጋፋት ላይ ቀልጦ ተሠርቶ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ተጎትቶ መጣ። ገደሉ እየተናደ መንገድ ይወጣለታል፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩ ነበር። በሽሎን ወርዶ መውጣት ለባዶ እጅ ሰው እንኳን ምን እንደሆነ የእኛ አካባቢ ሰው ያውቃል። ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ያን ብረት ሽቅብ የጎተቱት ሰዎች ምን ይለብሱ እንደነበር ኪራይ ቤት ሄጄ ብጠይቅ የሚነግረኝ አላገኝም። ምናልባት ብዙም አይለብሱም ነበር።

ወደ ዓድዋ ልመለስ። ምኒልክ መስከረም 1888 ክተት ሲሉ ሸዋውንና ደቡቡን የቀጠሩት ወረኢሉ ላይ ነው። በዚያ ጥቅምት የእኛ ደጋ ሰው በደጁ ያየው ነገር የጦርነት ሥዕል አልነበረም፤ የሚበላ ሠራዊት ነበር። ከብቱን የደስታ በሽታ የፈጀበት፣ ቤተ ዘመዱን የክፉ ቀን ረሃብ የጨረሰበት ገበሬ ገና ማገገም ሳይጀምር ያ ሁሉ ሕዝብ ከነጓዙ፣ ከነአጋሰሱ አለፈበት። ሠራዊቱ በሶውንና ቆሎውን ይዟል፤ በሶ ግን ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚበላው የመንገዱ ባላገር እህል ነው። ሲመሽ ወንዱ ድንኳን ይተክላል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ለበቅሎው ሣር ያጭዳል። ሴቷ ቀኑን ሙሉ ስትጓዝ ውላ ወፍጮና መጅ ላይ ትደፋለች። ሲነጋ እንደገና ጉዞ። ይህ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቆየ። ከየካቲት 23 ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለቱም ጦር ስንቁ ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር። ምኒልክ ሰፈር ሊለቁ ሲያስቡ፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ሲያስብ፣ ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም እየነዘነዘ ገፋው። የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ በጦርነቱ ዕለት የሠራው ሥራ ይነገራል፣ መነገርም ይገባዋል። ፈረሱ ግን ያን ያህል ወር ገብስ ማን ሲያበላው ነበር?

ይህን ለአንድ የበዓል ኮሚቴ አባል ሳነሳለት «ልጆቹ ታሪክ ይማሩበታል» አለኝ። ይማራሉ። ታሪክ የሚሠራው በአለባበስ መሆኑን፣ ከፎቶው በፊትና በኋላ ምንም እንዳልነበረ፣ አገር የሚቆመውም ሁሉም ሲሾም መሆኑን አሳምረው ይማራሉ። በ2006 ከአዲስ አበባ ተነስተው እስከ ዓድዋ በእግር መጓዝ የጀመሩ ወጣቶች አሉ፤ እግራቸው ውሃ ይቋጥራል፣ ፀሐይ ይፈጃቸዋል፣ የሰው ደጅ ያድራሉ። እነሱን ተዉአቸው፤ ጨዋታውን ያበላሻሉ።

ለመሆኑ የወርቂቱን ልብስ የሚያከራይ አለ? ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ እስር አምልጠው የወደቁት የወሎዋ ገዥ ወርቂቱ እጅ ላይ ነበር። የእሷ ልጅ ቴዎድሮስ ዘንድ እስረኛ ነው። ምኒልክን መልሳ ብትሰጥ ልጇን ታስፈታ ይሆናል፤ እሷ ግን ወደ ሸዋ አሳለፈቻቸው፤ ልጇ ተገደለ። የዓድዋው ንጉሥ ዓድዋ የደረሰው በወርቂቱ ልጅ ደም ነው። በየካቲት 23 ከተደረደሩት እቴጌዎች መካከል አንዷን «አንቺስ ወርቂቱን ብትሆኚ?» ብላት «ምን ዓይነት ዘውድ አላት?» አለችኝ።

እንግዲህ ለመጪው የካቲት ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ዕጣ ይውጣ። ደጃዝማች አንድ ይበቃል። ሌላው አህያ ነጂ፣ አጫጅ፣ እንጨት ለቃሚ፣ ጓዝ ጠባቂ ይሁን። ከመካነ ሰላም እስከ ወረኢሉ በውርጩ በእግር ይኬድ፤ ሌሊት ተነስቶ ጥሬ የሚፈጭ፣ ወንዱንም ጨምሮ፣ በተራ ይመደብ። ቲክቶክ ይፈቀዳል፤ ባትሪ የሚሞላበት ቦታ ግን የለም። አንድ ሰው ባንዳ ይሁን፤ አንዱ ደግሞ የመጨረሻውን ጎታ የተገፈፈ ባላገር ሆኖ በሩ ላይ ቆሞ ይራገም።

ያው የኮሚቴ አባል በጥሞና ሰማኝ፤ ራሱንም ነቀነቀ።

«ግሩም ሐሳብ ነው» አለ። «ግን አህያ ነጂውን ማን ይሆናል?»

«አንተ ለምን አትጀምረውም?»

«እኔ?» አለ ተከፍቶ። «እኔማ ራስ ሚካኤል ነኝ፤ ጢሜን እያሳደግሁ አይደል እንዴ!»