የክልልን ኢኮቴ ለማክሸፍ

የአንድን ክልል የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ (ኢኮቴ) ሥራ ማክሸፍ ካሰቡ ስትራቴጂንና የዕለት ሥራን በግንብ ይለያዩ። ዕቅዱ የእርስዎ፣ የተቋረጠው መስመርና የሞተው ባትሪ የባለሙያዎቹ ይሁን። ሰነድዎን በ2012 ከጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ጋር አጣጥመው ያስጠርዙ፤ ባለጉዳይ በወረዳ መስኮት የሚሰማው «ሲስተም የለም» ግን ከገጾቹ በአንዱም እንዳይገባ ይጠንቀቁ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ በአሶሳ ይህ ክፍፍል ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያጠፋል። ክልሉን ዓባይ ለሁለት ይከፍለዋል፤ መተከል ዞን ከወንዙ ማዶ ነው። ከአዲስ አበባ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ የሚመጣው መንገድ ደግሞ በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ተስተጓጉሏል። መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫም አይመጣም። ስለዚህ የመጠባበቂያ ባትሪና ራውተር አሶሳም የመተከሏ ግልገል በለስም መኖር አለመኖሩ ለመጋዘን ሠራተኛ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ወረዳዎቹ በክረምት አገልግሎት ይሰጡ እንደሆነ የሚወስነው የመለዋወጫው መኖር ነው፤ ከዚህ የበለጠ ስትራቴጂያዊ ውሳኔ ለማግኘት ይቸግራል።

ቀጥሎ ገንዘቡን በሙሉ ለካፒታል በጀት ያውሉ። መሣሪያ ሲገዛ ይመረቃል፤ የጀነሬተር ነዳጅና ጥገና ግን መደበኛ በጀት ነው፣ ሪባን የሚቆርጥለት የለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተዘረጋው ወረዳኔት ወረዳዎችን በሳተላይት ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ሲያገናኝ ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ መረብ ዕድሜው የሚለካው ግን በየወረዳው መብራት ሲጠፋ በሚነሣው ጀነሬተርና አጠገቡ በሚገኘው ባለሙያ ነው። ግድቡ እኛው ክልል፣ ጉባ ላይ ስለሆነ መብራት አያሳስብም ብለው ያቅዱ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ነገር ግን ኃይሉ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ሶኬት የሚደርሰው በማከፋፈያ መስመርና በትራንስፎርመር ነው፤ እነሱ ሲበላሹ የግድቡ ቅርበት ምንም አይጠቅምም።

የዕለት ሥራ ተራ ነገር ነው የሚል ሰው መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰበትን ያስታውስ። ደንበኞች፣ ብዙዎቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አልነበረም፣ ችግሩ የተፈጠረው በመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ነው ብሏል። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ እምነት በአንድ ሌሊት የዕለት ሥራ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

በተበላሸ ፕሪንተር ሁሉ የሚሮጥ ኃላፊ የነገውን አያይም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ይህም ሌላው የማክሸፊያ መንገድ ነው። ኃላፊው ብሎን እንዲፈታ የጠየቀ ግን የለም። የሚፈለግበት የብልሽት መዝገብ ማስያዝና ማንበብ ነው፦ የትኛው ወረዳ፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት ተቋረጠ? የዓመቱ መዝገብ አብዛኛው መቋረጥ የመብራት ነው ካለ፣ ለአዲስ ሶፍትዌር የታሰበው ገንዘብ ወደ ሶላርና ባትሪ መዞር አለበት፤ ይህን ደግሞ የትኛውም አማካሪ ከአዲስ አበባ ሆኖ ሊያውቀው አይችልም። መስመሩ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሲስተሙም የፌዴራል ስለሆነ ክልሉ ምን ያደርጋል የሚለው መከራከሪያ ከዚህ ይከብዳል፤ ክልሉ በእርግጥ ብዙ ነገር አይወስንም። ሆኖም ቀንና ሰዓት መዝግቦ የሚመጣ ቢሮ ስለ አገልግሎት ደረጃ መደራደር ይችላል፤ ባዶ እጁን የመጣ ግን አቤቱታ ብቻ ያሰማል። ስለዚህ ከሐምሌ 1 በፊት የቀጣዩ ዓመት በጀት ሲዘጋጅ፣ ማክሸፍ የሚፈልግ ኃላፊ ከሸርቆሌ ወረዳም ከወምበራ ወረዳም ያንን መዝገብ ሳይጠይቅ ይፈርም።