ቤት የሌለው ቤትኪንግ

«የእናንተ ሊግ ግን ምን ዓይነት ነው? ቡድን ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ከተማ ይከርማል፤ ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ። ተዘዋዋሪ ችሎት ነው እንዴ?» አለኝ ከሎስ አንጀለስ ለእረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ።

«ችሎትማ ባለጉዳዩ ወዳለበት ነው የሚሄደው» አልኩት። «የእኛ ሊግ የሚሄደው ካሜራው ወዳለበት ነው።»

የተጣላንበት ቤት ራሱ ግማሹን ፍርድ ሰጥቶ ጨርሷል። አያት፣ ባቡሩ ከሚያበቃበት ዝቅ ብሎ ያለ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ግድግዳውን በሞላው ስክሪን ላይ እንግሊዞች ይጫወታሉ፤ የ«ሱፐርስፖርት ልዩ» ቻናል ኮሜንታተር በአማርኛ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮኻል። ጥግ ላይ፣ ከለስላሳው ፍሪጅ በላይ፣ ድምፁ የማይሰማ ትንሽ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ እዚያ ላይ ነው። ማየት የፈለገ አንገቱን ያጣምማል። መግቢያ የሚሰበስበው ልጅ ግን ከሁሉም እኩል ነው የሚቀበለው፤ ጥጉን ላየ ቅናሽ የለም።

«ጋሼ፣ ቢያንስ የእኛን ድምፅ ይክፈቱልን» አልኳቸው ባለቤቱን።

«ተከፍቷል እኮ። ስታዲየሙ ውስጥ ሰው ስለሌለ የተዘጋ መስሎህ ነው።»

የአክስቴ ልጅ ሳቀ። ከአሜሪካ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን አይተረብም፤ ቢሆንም እሱ ነው የጀመረው።

«ይሄ ቲሸርትህ ላይ ያለው ዩሲኤልኤ የትምህርት ቤት ቡድን አይደል?»

«ዩኒቨርሲቲ ነው።»

«የት ነው?»

«ሎስ አንጀለስ፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ አጠገብ።»

«በአንድ ሊግ ከማን ጋር ነው የሚጫወተው?»

«ከነራትገርስ። ኒው ጀርሲ።»

«አትላንቲክ ዳር» አሉ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

«የአምስት ሰዓት በረራ!» አልኩት። «እኛ በአምስት ሰዓት ከቦሌ ተነስተን፣ ዱባይ ገብተን፣ ዋጋ እየተከራከርን ነው። እኛ አዳማና ሀዋሳ ስለዞርን ነው ተዘዋዋሪ ችሎት የምትለን?»

ላልተከታተለ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካኖቹ እግር ኳስ የሚሉት በእጅ የሚያዘውን ነው፤ እሱን ይተዉላቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የኮሌጆቹን የቴሌቪዥን መብት አንድ ማኅበር ብቻውን ጠቅልሎ መያዙን አፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮንፈረንስ በሚሉት ስብስብ እየተቧደኑ ጨዋታቸውን ራሳቸው ይሸጡ ጀመር። ስብስቡ መጀመሪያ የጎረቤታሞች ነበር። ኋላ ግን ጣቢያዎቹ የሚከፍሉት ብር ሲያብጥ፣ ጠቀም ያለ ውል የያዘው ከሌላው ጓሮ ቡድን መመልመል ያዘ። ቢግ ቴን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2022 ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተዋዋለ። ውሉ ሊፈረም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ነው ዩሲኤልኤና የከተማው ልጅ ዩኤስሲ ፓክ 12 በሚባለው ስብስብ የነበራቸውን ወደ መቶ ዓመት የተጠጋ ጉርብትና ጥለው ቢግ ቴን እንደሚገቡ ያስታወቁት።

«ቢግ ቴን አሥር ማለት አይደል?» አሉ መምህሩ።

«አሁን አሥራ ስምንት ናቸው።»

«ዩኒቨርሲቲ ሆነው ሂሳብ አስተማሪ የላቸውም?»

«አላቸው፤ ብሩን እየቆጠረ ነው» አልኩ እኔ።

«ስታንፎርድ ደግሞ የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ ገብቷል» አለ የአክስቴ ልጅ፣ ወዶ ሳይሆን ተገዶ።

መምህሩ ይሄኔ ዞሩ። «ስታንፎርድ ካሊፎርኒያ አይደለም?»

«ነው።»

«እንግዲህ እኔ ዕድሜ ልኬን ያንን ውቅያኖስ በተሳሳተ በኩል አስተምሬያለሁ።»

ልጁ አንዴ ከተናገረ አይቀር ሁሉንም ዘረገፈው። ዩሲኤልኤ ጥሎት ለሄደው ለእህት ዩኒቨርሲቲው ለበርክሌይ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የበላይ ቦርዳቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ወስኖበታል።

«ቀለብ ነዋ!» አለች ቡና የምታፈላው። «ኳስም ተፋትቶ ቀለብ ይቆረጥለታል? ለእኔ ልጅ ሳይቆረጥለት!»

ከተበተነው ከፓክ 12ም ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ።

«ሁለት ሆነው ምን ሊጫወቱ?» አልኩ።

«ዳማ» አሉ ባለቤቱ።

የአክስቴ ልጅ ግን የአያት ዘር ነው፤ ተመትቶ አይተኛም። «እሺ፣ የእኛው ቤቱን ሲለቅ ቢሊዮን ይዞ ነው። እናንተስ በስንት ነው የተሸጣችሁት?»

በ2013 ዓ.ም. የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ባለቤት ከመልቲቾይስ ጋር ለአምስት ዓመት የተዋዋለው 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዓመት 4.5 ሚሊዮን ማለት ነው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አካፈለ፤ የእኛ ሊግ የዓመት ዋጋ የቢግ ቴንን የሁለት ቀን ገቢ እንኳ አይሞላም። ተረብ የሚወድ ሰው ሲመታም መቀበል አለበት፤ ተቀበልኩ።

ተቀበልኩ እንጂ ውሉን አልረግምም። ከዚያ በፊት የነበረው የ2012 ውድድር በኮሮና ተሰርዞ ነበር፤ አብዛኛው ክለብ ደግሞ የከተማ አስተዳደር ወይም የመሥሪያ ቤት በጀት ጠባቂ ነው። ካሜራው ከመጣ በኋላ ግን ቢያንስ ታየን። ፋሲል ከነማ በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ፣ የቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ አፍሪካ ሁሉ አየ። አቡበከር እ.ኤ.አ. በ2022 ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገባ። የሱፐርስፖርት ዋና ቤት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ገዢው ሳያይ ገዛ የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ጣጣው ሌላ ነው። በአንድ ከተማ ተሰብስቦ መጫወት ለኮሮና ተብሎ ተጀመረ፤ ኮሮናው ሲሄድ እሱ ቀረ። ምክንያቱ የተደበቀ አይደለም። የቀጥታ ስርጭት ማለት ካሜራ፣ ኬብል፣ መኪና፣ ሳተላይትና ባለሙያ ነው። ይሄ ሁሉ ጓዝ አንድ ሜዳ ላይ ከተተከለ በቀን ሁለት ጨዋታ ይቀርፃል፤ በየከተማው ይዙር ከተባለ ግን ወጪው ገቢውን ይውጠዋል። ደረጃውን የሚያሟላው ሜዳም በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሀዋሳ፣ ጅማ ተራ በተራ አስተናጋጅ ሆኑ፤ ክለቡ ከሆቴል ሆቴል ዞረ፤ የጊዮርጊስና የቡና የሸገር ደርቢ ከሸገር ውጪ ሲደረግ ከረመ። ስያሜው ደግሞ ለውርርድ ድርጅት ተሸጦ ነበር።

«ቤት የሌለው ሊግ ስሙ ቤትኪንግ» አሉ ባለቤቱ፤ ይቺን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው የሚሏት።

«ብሔራዊ ቡድናችሁስ?» አለ ልጁ። «ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፉ ባለሜዳ ነበራችሁ አይደል?»

«ነበርን።»

«ሜዳው የት ነበር?»

«ሊሎንግዌ» አሉ መምህሩ። «ማላዊ።»

ይቺን አልመለስኩም። የካፍን ፈተና የሚያልፍ ስታዲየም አጥተን አገር ለአገር መዞራችን ቀልድ የማይፈልግ ቀልድ ነው።

የጎረቤታችን ግን ይብሳል። ከአያት ጣፎ ታክሲ ውስጥ ገብተህ ወሬ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ነበር። የዚህ ሰፈር ሰው በእግሩ ሄዶ ሊያየው የሚችለው ክለብ፣ ከነጊዮርጊስ ጋር! አንድም ጨዋታ ለገጣፎ ላይ አልተደረገም። ዓመቱን በሌላው ሰው ከተማ ዞሮ ወረደ።

«ፕሪሚየር ሊግ መግባቱን ያወቅነው ሲወርድ ነው» አለች ባለ ቡናዋ።

«እኛ እንሻላለን» አልኳት። «አያትን በዚያው በ2013 ከየካ አንስተው ለሚ ኩራ ሲያስገቡን ከቤታችን እንኳ አልወጣንም። ነፃ ዝውውር!»

ልጁ ወሬውን ወደ ተጫዋቾቹ ክፍያ አዞረ። የእነሱ ተማሪዎች ለዘመናት ስኮላርሺፕ እንጂ ደመወዝ አያገኙም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ግን አንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ እንዲያከፋፍል ፍርድ ቤት ፈቀደ። የእኛ ክለቦች በፊናቸው የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር።

«ከዚያ በላይ የሚከፍል የለም?»

«በፊት በር የለም» አሉ ባለቤቱ።

«ዩኒቨርሲቲስ የሚጫወት አላችሁ?»

«ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ።»

«ተማሪዎች ናቸው?»

«የእናንተዎቹስ?» ብዬ መለስኩለት፤ እሱም ተወኝ።

ወልዋሎን ካነሳን ግን ቀልዱ ትንሽ ይቁም። መቐለ 70 እንደርታ የ2011 ሻምፒዮን ነበር። እሱም፣ ወልዋሎም፣ ስሑል ሽረም በ2013 ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ ሲታይ አልነበሩም። ያስወጣቸው ጦርነት ነው። የተመለሱት በ2017 ነው። የአሜሪካው ጎራ መቀያየር ቢያናድድም ቢያንስ ሁሉም ፈርሞ ነው የሄደው።

እንግዲህ ለሚፈርሙት። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ባለቤቶች ክለቦቹ ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ «ጣቢያው እንዲህ አለን» የሚለው ሰበብ አይሠራም። ዩሲኤልኤ ኒው ጀርሲ ሄዶ ቢጫወትም በሳምንቱ ቤቱ ይመለሳል፤ ደጋፊው ሎስ አንጀለስ ላይ ትኬት ቆርጦ ይገባል። እኛ ግን የቢሊዮኑን በሽታ በሳንቲም ገዛነው። በየውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ እያንዳንዱ ክለብ በዓመት ጥቂት ጨዋታዎችን በገዛ ከተማው ያድርግ፣ ስርጭቱ በአንድ ካሜራም ቢሆን፣ ጭራሽ ባይኖርም። ሜዳው ደረጃ ካጣ ከመብቱ ገንዘብ ላይ ለሜዳው ይቆረጥ። ፊርማው ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ደግሞ አንዱን ደጋፊያችሁን አስቁሙና በከተማው ስታዲየም የመጨረሻ ትኬት የቆረጠው መቼ እንደሆነ ጠይቁት።