ባዶ ነበር እኮ!

ሰርግ ዳስ ውስጥ ከሩቅ ባዶ ወንበር ታያላችሁ። በሰው መሃል ተሽሎክልካችሁ ስትደርሱ አንዲት ወይዘሮ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣበታለች። «አሁን ባዶ ነበር እኮ!» ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ነበር ነዋ።

የሊኑክስ ከርነል ድራይቨር ጸሐፊዎችም ከዚሁ ወንበር ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። አንድ መሣሪያ 64 የትእዛዝ መያዣ ቦታ አለው እንበል። እያንዳንዱን አንድ ቢት ይወክለዋል፤ ዜሮ ከሆነ ባዶ፣ አንድ ከሆነ የተያዘ። ሥራው ባዶውን ፈልጎ መያዝ ብቻ ነው። ችግሩ ፈልገህ እስክትይዝ ሌላ የፕሮሰሰር ኮር ሹልክ ብሎ ይቀመጥበታል። ስለዚህ በ«ፋይንድ ፈርስት ዜሮ ቢት» ትፈልጋለህ፣ በ«ቴስት ኤንድ ሴት ቢት» ትይዛለህ። ይኼኛው ሲይዝ የቀድሞውን ዋጋ ይነግርሃል፤ «አንድ» ካለህ ተቀድመሃልና ተመልሰህ ፈልግ። በቃ፣ አራት አምስት መስመር ነው።

እሷኑ ኮድ ግን ሁሉም በየጓዳው ያበስላታል። አንዱ ፍለጋውን ንቆ ከ0 እስከ 63 በየቢቱ «ቴስት ኤንድ ሴት» እያለ ይሄዳል። ወንበሩ መያዙን በዓይኑ ማየት ሲችል በየእንግዳው ጭን ላይ ቁጭ እያለ የሚያጣራ ሰው ማለት ነው። ያውም ፕሮሰሰሩ ባዶዋን ከ64ቱ መሃል በአንድ ሁለት ትእዛዝ ነቅሶ የሚያወጣ ሆኖ ሳለ! ሌላው በስፒንሎክ በሩን ቆልፎ ብቻውን ይገባና እዚያም ውስጥ እንዳይቀደም በሉፕ ይሽከረከራል። ማንን ፈርቶ? ቁልፉ እኮ በእጁ ነው። ሦስተኛው (ይኼን እኔም ጽፌዋለሁ፣ አልክድም) አንዴ ከተቀደመ አኩርፎ «ቦታ የለም» ብሎ ይመለሳል። 63ቱ ባዶ ናቸው።

በ2023 እ.ኤ.አ. መፈለጉንና መያዙን «ፋይንድ ኤንድ ሴት ቢት» በሚል ስም አንድ ላይ የጠቀለለ ሐሳብ ቀረበ። ድራይቨሩ ውስጥ የሚቀረው አንድ መስመር ነው። እሱን አንድ መስመር ለማድረስ ግን ከ30 በላይ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ተዘጋጀ፤ ድራይቨር ሁሉ ባለቤት አለውና የየባለቤቱ ደጅ መጠናት ነበረበት።

አሁንም አዲሱን መንገድ ትቶ «የእኔ ሉፕ ሁልጊዜ ትንሿን ባዶ ቁጥር ነው የሚሰጠኝ» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ወንድሜ፣ 9ን ይዘህ ዘወር ስትል 3 ላይ የነበረው እንግዳ ተነሥቶ ሄዷል።