ልደት በሰው አገር

አዲስ አበባ ላይ አርባ ወይም ሃምሳ የሞላው ሰው ዱባይ ወይም ኢስታንቡል ሄዶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲበላ ሰንብቶ መመለስ ለምዷል። ከፊቱ የተደረደረውን የባሕር አውሬ ሁሉ ፎቶ እያነሣ ይልካል። ወሬው ነፋስ መውጫ ሲደርስ «ለልደት ብሎ አገር ለቆ መሄድ ደግሞ ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» የሚል አይጠፋም። ጋይንት ውስጥ ዕድሜ የሚቆጠረው በኬክ ሳይሆን በመከራ ነው፤ አያት ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ በወደቁበት በ1922 ዓ.ም. ይወለዳሉ፣ የልጅ ልጅ በሰባ ሰባቱ ድርቅ። በእንዲህ ያለ አቆጣጠር ሻማ የሚበራበትን ቀን መለየት ያስቸግራል። ቢሆንም ቅብጠት የተባለውን ጉዞ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ዱባይ ሆቴል ሳይሠራባት በፊት ያውቁታል ብዬ እከራከራለሁ። ግብሩን በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ በእግራቸው ይፈጽሙታል።

ነገሩ የሚነሣው በእኛ አገር ደጋሽ ስለማይበላ ነው። ከጉና ሥር ያለች ባለቤት ድግስ ያሰበች እንደሆነ ቀኑ ገና ሩቅ ሳለ ብቅል ታበቅላለች፣ ጌሾ ታስወቅጣለች፣ ጋን ታጥናለች፣ ትጠነስሳለች፣ ትደፈድፋለች። ቀኑ ሲደርስ ባልየው ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ከሰው ሰው እየዞረ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» ሲል ይውላል። መቶ ጉርሻ ያጎርሳል፣ አንድ አይጎርስም። ማታ እንግዳው ተሸኝቶ ሲያልቅ የሚጠብቀው የድስት ጥራጊ፣ የጋን አተላና የብድር ሒሳብ ነው። እንግዲህ በገዛ በዓሉ ተቀምጦ መብላት የፈለገ ሰው ያለው መላ በሩን ዘግቶ የሰው አገር መሄድ ብቻ ነው። ሰው ዱባይ የሚሄደው ዓሣ ወዶ ብቻ አይመስለኝም፤ ሰባ ዘመድ ላለማብላትም ጭምር ነው።

ላሊበላ የሚሄደው የገና ተሳላሚ ይህን መላ ቀድሞ ደርሶበታል። ልብ በሉ፣ ጋይንት የራሱ ቤተልሔም አለው፤ የድጓ ሊቃውንት የሚያስመሰክሩበት፣ የቆሎ ተማሪ ከየአገሩ የሚጎርፍበት ደብር ነው። ጌታ የተወለደበትን ቦታ ስም ይዞ የተቀመጠ አገር ለልደት በዓል ሌላ ቦታ ምን ይፈልጋል? የጋይንት ተሳላሚ ግን ይፈልጋል። ድርቆሹን፣ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን አቁማዳ ውስጥ ከትቶ ይነሣል። የስማዳው ከወገዳ፣ የእስቴው ከመካነ ኢየሱስ በኩል ይመጣል። ጨጨሆን ተሻግሮ ጋሸና ሲደርስ ወደ ግራ ታጥፎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ላሊበላ ሲገባ ከተሜው ውኃ ይዞ ወጥቶ እግሩን ያጥበዋል፣ ያለውን ያቀርብለታል፣ ማደሪያ ይሰጠዋል። በማግስቱ በዓሉ ነው። ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ገሚሱ ከላይ ማሜ ጋራ፣ ገሚሱ ከታች ከግቢው ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ ያ ሁሉ ነጭ ልብስ ከበሮው በመታ ቁጥር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ከዚያ ከኅዳር 15 ጀምሮ የተያዘው ጾም ይፈታል። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ልደቱ በእኛ አቆጣጠር ሙሉ ቁጥር ደፍኖ ነበር፤ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ሆነና ገና ታኅሣሥ 28 ዋለ። የሁለት ሺህ ዓመት በዓል አንድ ቀን ቀደም ብሎ መከበሩ ለተራበ ጾመኛ የሚያስቀይም ጉዳይ አይደለም።

«ይሄ እኮ መሳለም ነው፣ ስለት ነው፤ ከሽርሽር ጋር ምን አገናኘው?» የሚለኝ ይኖራል። የሄደበትን ልብ አልመረምርም፤ የምመረምረው ማን እንደ ተጓዘ፣ ማንስ እንዳበላ ነው። ደግሞ ከአርባ ሦስት ቀን ሽሮ በኋላ የዶሮ ወጥ ሲሸተው እርምጃው የማይፈጥን ተሳላሚ ካለ፣ እሱ መነኩሴ ነው። «አቁማዳ ተሸክሞ የሄደ ሰው ምን ተጋባዥ ነው?» ለሚለኝም፣ በሶው ለመንገዱ ነው። «ላሊበላ ውጭ አገር አይደለም» የሚል ካለ ደግሞ ወደዚያ የሚያወጣውን ዳገት በባዶ እግሩ ወጥቶ ይንገረኝ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ክርክር ነው፤ የዱባዩ ከፍሎ ይበላል፣ የላሊበላው ተጋብዞ። እዚህ ላይ ዱባይ ተሸንፋለች፣ አልከራከርም። ሆቴል በር ላይ እግር የሚያጥብ የለም፤ ፓስፖርት ተቀብሎ ፎቶ ኮፒ የሚያደርግ ነው ያለው። የከፈለ ሰው ግን ቢያንስ ቁጭ ብሎ የመብላት መብት ገዝቷል፤ በገዛ ቤቱ ይህንን በገንዘብም አያገኘውም።

ታዲያ ደጋሽ አይበላም ካልን፣ በገና የሚራበው የላሊበላ ሰው ነው ማለት ነው። በዓል መጣ ብሎ ጋይንት እንዳይሸሽ፣ ጋይንት ጠቅላላ እሱ ቤት ነው። ብድሩን በጥር ጋይንት መጥቶ በድንችና በገብስ ጠላ ያስመልስ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ያህል እንግዳ የሚያበላ ጎተራ ግን በእነዚህ ወረዳዎች ከብዙ ድርቅ በኋላ በቀላሉ አይገኝም። ለላሊበላዎች አንድ ነገር ተርፏቸዋል። ንጉሣቸው ቅዱስ ላሊበላም የተወለደው ታኅሣሥ 29 ነው ይላሉና፣ ሁለት ልደት በአንድ ድግስ ይወጣሉ።