የኋላውን ማን ያያል?

የሚኒባሱ የውስጥ ስፖኪዮ ቢወልቅም ሾፌሩ አልተቸገረም፤ ኋላውን ረዳቱ፣ ፊቱን ቅዱሳኑ ያዩለታል። ሲያሻው ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ ይለጥፈዋል። የቀትር ፀሐይ የፊት መስታወቱን ሲያግለው፣ ጉድጓዱ ሲያንገጫግጨው፣ ደረቁ ማጣበቂያ ይሰነጠቅና ስፖኪዮው ጋቢና የተቀመጠው ሰው ጭን ላይ ያርፋል። ሰውየውም አንስቶ ያቀብላል፤ ሒሳቡ ግን አይቀነስለትም።

መላው እኮ ከባድ አይደለም። አሮጌውን ሙጫ በምላጭ ፍቆ፣ መስታወቱንም የስፖኪዮውን መያዣ ብረትም በአልኮል ወልውሎ፣ ለስፖኪዮ ተብሎ በተሠራ ማጣበቂያ ብረቷን መለጠፍ፤ ከዚያ ስፖኪዮውን ሳይሰቅሉ አንድ ቀን ማሳደር። ማሳደሩ ላይ ነው ጉዱ፤ ታክሲ ቆሞ ማን ሊበላ!

እባክህ ሾፌር፣ ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ እንኳ ስፖኪዮው ላይ የምታንጠለጥላቸውን መቁጠሪያ፣ አሻንጉሊትና ባንዲራ ሌላ ቦታ ስቀላቸው።