የቅርጫ በሬና የንጉሥ ላም

ጉራ ሲነፉት አያስከፍልም። የሚያስከፍለው ሰሚው አውሮፕላን ተሳፍሮ ደጅህ የመጣ ዕለት ነው። እኔ ደግሞ፣ ወዳጄ፣ ጉራዬን የነፋሁት ሩዋንዳ ድረስ ሄጄ፣ ያውም በላም ነው።

ለሥራ ኪጋሊ ሄጄ ሳለ የዚያ አገር ሰው የሆነ ባልደረባዬ ኒያንዛ ወደምትባል ከተማ ይዞኝ ወረደ። የድሮ ነገሥታቱ ግቢ ሙዚየም ሆኗል፤ ከጓሮው ደግሞ ኢንያምቦ የሚሏቸው የንጉሥ ከብቶች ለጎብኚ ይታያሉ። ቀንዳቸውን ብታይ! ወደ ላይ ተመዞ ወጥቶ ማለቂያ የለውም። ግንባራቸው ላይ ጨሌ ተንጠልጥሎላቸዋል። እረኛው እያንዳንዷን በስሟ እየጠራ ያወድሳታል፤ እሷም አንገቷን ሰበቅ አድርጋ ታዳምጣለች። እኔን በስሜ ጠርቶ ያወደሰኝ ሰው ስለሌለ ነው መሰል፣ ቅናት ቢጤ ያዘኝና «የኛ አገሩ ይበልጣል» አልኩ።

ፈጽሞ ውሸት እንዳይመስልህ። የራያ ሰንጋ ቀንድ ለመኳንንቱ የጠጅ ዋንጫ ይወጣው ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ «ይህን ያህል የሚረዝመው በበሽታ ነው» ብሎ ጽፎ፣ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ በስጦታ የተቀበላቸውን ጤነኛ ሰንጋዎች አይቶ፣ በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ አስተባብሎታል። ይህን ሁሉ እዚያው ላሚቷ ፊት ቆሜ ተረክሁ። የዘለልኳት አንዲት ነገር ብትኖር፣ የራያ ሰንጋ ያለው ራያ እንጂ እኔ የምኖርበት ቡራዩ አለመሆኑን ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

በኋላ ያ የኪጋሊ ባልደረባዬ ለስብሰባ አዲስ አበባ መጣ። ደወለ። «የንጉሦቻችሁን ከብት መቼ ነው የምታሳየኝ?» ጊዜው የፋሲካ ዋዜማ ነው፤ የሰፈራችን ቅርጫ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛው አሥር አለቃ፣ የበሬውን ብር አሰባስቦ ገዢ አድርጎ የመደበው እኔን ነው። ለምን እኔን? «አይሆንም» ማለት የማልችል ከሰፈሩ እኔ ብቻ ስለሆንኩ። ሁለቱንም ጉዳይ በአንድ መንገድ ልገላገል ብዬ እንግዳዬን ከዊንጌት ተቀበልኩና፣ በአስኮ አድርገን ቡራዩ የከብት ገበያ ገባን። ነጭ ጫማ አድርጌያለሁ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

እንግዳዬ ከብት ቤት ያደገ ሰው ነው፤ እበቱን እየመረጠ ሳይሆን እየረገጠ ይሄዳል። እኔ በእግሬ ጣት እየዘለልኩ፣ ዓይኔ ጀርባና ጭኑን ትቶ ቀንድ ይቃርማል። ደላላው ታዘበኝና «ጋሼ፣ ሥጋ ነው የምትገዛው ወይስ ቀንድ?» አለኝ።

እንግዳዬ «ለመሆኑ የንጉሦቻችሁ መንጋ የት ደረሰ?» ሲል ግን የምመልሰው አላጣሁም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገባ፤ ጣልያኖች ካስመጧቸው ከብቶች ጋር ነው የመጣው ይባላል። የአገሩን ከብት ጠራርጎ ፈጀው። የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ክፉ ቀን ሆነ፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። በሽታው ወደ ደቡብ እየወረደ የእንግዳዬንም አገር አዳረሰ፤ ከምድር መጥፋቱ የታወጀው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። «እናንተ ናችኋ የላካችሁብን!» አለኝ እየሳቀ። ስንስማማ የዋልነው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ከገበያው ጥግ አንድ ሽማግሌ ጋቢ ደርበው ቀይ በሬ ይዘው ቆመዋል። ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው፤ ቀንዱ ከክንዴ ባይበልጥም ጥሩ አድርጎ ተቆልምሟል። «ይኸውልህ፣ የንጉሥ ዘር» አልኩት በእንግሊዝኛ። ሽማግሌው «ኪንግ» የምትለዋን ሳይለዩ አልቀሩም። «የምን ንጉሥ ነው ልጄ? እናቱ ገፈርሳ ማዶ ያለች የጎረቤቴ ላም ናት» አሉኝ። ይህቺን አልተረጎምኳትም።

እንግዳዬ ጠጋ ብሎ የበሬውን ማጅራት ዳሰሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በቋንቋው ማወደስ ጀመረ፤ እዚያ ኒያንዛ እረኛው ሲያደርግ ያየሁትን። በሬው ጆሮውን አዙሮ ቆመ። ሽማግሌው መጀመሪያ ተገረሙ፤ ቀጥሎ አገጫቸውን በትራቸው ላይ አሳረፉ፤ ቀጥሎ እሳቸውም በኦሮምኛ ፋሩ ሎኒውን፣ የከብቱን ውዳሴ ተቀበሉት። አንዱ ሲያቆም ሌላው ያነሳል። ሰው ከበበን። ላስተረጉም አፌን ብከፍት ሁለቱም በእጃቸው ዝም አሰኙኝ፤ የሰፈር ብር የታጨቀበትን ደረት ኪሴን አቅፌ መሐላቸው ተገተርኩ። ደላላው በጆሮዬ «አንተ ሰውዬ፣ ዘፋኝ ነው እንዴ ያመጣህብን?» ይለኛል።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠራርገው ወደኔ ዞሩ። «ለምን ልታደርገው ነው?»

ለእርሻ ማለት ያቅተኛል? «ለቅርጫ» አልኩ፣ ፈጠን ብዬ፣ ጥሩ ደንበኛ መሆኔ እንዲታወቅልኝ።

ገመዱን ሰብሰብ አደረጉ። «እኔም ለቅርጫ ብዬ ነበር ያወጣሁት። የሚያርሰው መሬት ቤት በቅሎበታል። አሁን ግን ይህን ሁሉ ተወድሶ ቢላዋ ስር አልከተውም። ጊንጪ ወንድሜ ጋ እሰደዋለሁ፣ ይረስ።» በሬ ካራጁ ይውላል ሲሉ ይህን በሬ አላዩትም።

ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይመለሳል። እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። አምስት ሺህ ጨመርኩ፤ ዞር አላሉም። አሥር ሺህ አልኩ፤ በሬው ዞር አለ። ከጎኔ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ሌላ የሚጫረት እኮ የለም፣ ከማን ጋር ነው?» አለኝ። ልመልስለት ስዞር ሙልጭ! ነጩን ጫማ ተወው፣ ሱሪዬም እስከ ቀበቶዬ አረንጓዴ ሆነ። ገንዘቡን ግን አልለቀቅኩም፤ በጀርባዬ ተንጋልዬ እንኳ ደረቴን አቅፌያለሁ። እንግዳዬ ሊያነሳኝ ጎንበስ ብሎ ሳቁ አላስችል ስላለው መልሶ ለቀቀኝ።

ገበያው ሁሉ እንዲያ ሆኜ ካየኝ በኋላ ማን ይራራልኛል? ደላላው በመጨረሻ ያስያዘኝን አሥር አለቃው በግራም በቀኝም ዞሮ አየውና «ይሄ በሬ ነው ወይስ የበሬ መታወቂያ?» አለ። የፋሲካ ለት እንግዳዬ ተጋብዞ መጣና ታሪኩን፣ አወዳደቄን ጭምር፣ በእጅ በእግሩ እያሳየ ተረከላቸው። ገና ዕጣ ሳይወጣ ሻኛው ለእሱ ይሁን ተባለ። ለእኔ፣ ከመደቤ ሌላ፣ ቆዳውን ሸጬ ብሩን ለማኅበሩ እንዳስገባ ተፈረደብኝ። ቆዳ ዘንድሮ ማን ይገዛል? በየአጥሩ ስር እየተጣለ ነው። ይሁንና አስኮ አንድ ተቀባይ አይጠፋም ስለተባልኩ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ታክሲ ተሳፈርኩ። ተሳፋሪው በሙሉ መስኮት ከፈተ፤ ረዳቱም አፍንጫውን ይዞ «አባት፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍለው» አለኝ። ከፈልኩ። አስኮ ስደርስ ተቀባዩ ለበዓል አገር ቤት ሄዷል፤ ስመለስም የሁለት ሰው ከፈልኩ።